ነፃ የንግድ ስምምነት ትደግፋላችሁ ወይስ አትደግፉም? (ሳትሰዳደቡ መልሱልኝ)

ናቲ_ጠያቂው

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን የከነከነኝ ነገር አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።) ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ስታናግር ግራ ዘመምም ይሁን ቀኝ ዘመም አብዛኛው ነፃ ንግድ ጥሩ ነው ይልሃል። ፖለቲከኛው ግን ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስሙን መጥራት ይፈራል።

ናፍታን እዩት (ነዳጁን አይደለም፣ የአሜሪካ፣ የካናዳና የሜክሲኮን ነፃ የንግድ ስምምነት ነው)። የፈረመው ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ነው፣ ኮንግረስ ውስጥ ታግሎ ያሳለፈው ዲሞክራቱ ክሊንተን ነው፣ በ1993 ታችኛው ምክር ቤት 234 ለ200 ሲያልፍ ከክሊንተን ፓርቲ እሺ ያሉት 102 ብቻ ናቸው፣ 132ቱ ድምፅ ከተቃዋሚው ፓርቲ ነው የመጣው። በ2016 ደግሞ ያው ሪፐብሊካን ፓርቲ ናፍታን ሲረግም የከረመ ሰው እጩ አድርጎ አሸነፈ። ሂላሪም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለች ስታሞግሰው የነበረውን ቲፒፒን (አሜሪካና 11 የፓስፊክ ዳርቻ ሀገሮች የተደራደሩበትን የንግድ ስምምነት) እጩ ስትሆን በ2015 ተቃወመችው። ታዲያ እኛ ማንን እንመን? የምትደግፉት ለምን፣ የምትቃወሙት ለምን፣ ዘርዘር አድርጉልኝ ጊዜ አለኝ 😄

ቀረጥ_ይውደም

እኔ እደግፋለሁ፣ ምንም አላፍርም። ነገሩ ከ1817 ጀምሮ የተዘጋ ፋይል ነው፣ ሪካርዶ የሚባለው የእንግሊዝ ኢኮኖሚስት የሰጠውን ምሳሌ ልንገርህ። ፖርቱጋል ወይኑን በ80 ሰው፣ ጨርቁን በ90 ሰው ትሰራለች። እንግሊዝ ወይኑን 120፣ ጨርቁን 100 ሰው ይፈጅባታል። ልብ በል ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች፣ ግን እሷ ወይኑ ላይ እንግሊዝ ጨርቁ ላይ አተኩረው ቢለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ፣ ምክንያቱም ፖርቱጋል በ80 ሰው ወይን ሰርታ በ90 ሰው የምትሰራውን ጨርቅ ታገኛለች፣ እንግሊዝም እንደዛው። ደካማ የሚባለው ሀገር ሳይቀር የሚሸጠው አያጣም ማለት ነው።

ቀረጥ መጣል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ 2018 ላይ አሜሪካ የውጭ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ጣለች። የማጠቢያው ዋጋ ወደ 12 ከመቶ ጨመረ። የሚያስቀው ግን ማድረቂያው ነው፣ ማድረቂያ ላይ ምንም ቀረጥ አልተጣለም እኮ፣ ግን ሰው ሁለቱን አብሮ ስለሚገዛ ሻጮቹ የጭማሪውን ግማሽ ማድረቂያው ላይ ጫኑት፣ እሱም እኩል ተወደደ! ነገሩን ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች 1,800 የሚሆን ስራ ተፈጥሯል ብለው ሸማቹ የከፈለውን ሲያካፍሉት ለአንዷ ስራ በዓመት 815,000 ዶላር ወጣ። ለዛ ሰውዬ ደሞዙን በእጁ ሰጥተህ ቤቱ ብታስቀምጠው አይረክስም?

ሰራተኛው_ልጅ

እሺ ቀረጥ ይውደም፣ ሪካርዶህ ጥሩ ነው ግን ጨርቅ ሰሪው በማግስቱ ወይን ጠማቂ ይሆናል ብሎ ነው የተነሳው። 50 ዓመት የሞላው፣ ቤቱን በዕዳ የገዛ፣ ልጆቹ እዛው ከተማ የሚማሩ ሰው ፋብሪካው ሲዘጋ ወዴት ነው የሚሄደው? ሪካርዶ ራሱ እኮ ባለሀብቱ ገንዘቡን ይዞ ባህር ማዶ መሄድ አይወድም ብሎ ነበር የፃፈው፣ አሁን ያ ቀርቶ ገንዘቡ በአንድ ጠቅታ ይሄዳል፣ ሰውዬው ነው የማይሄደው።

ከቻይና የመጣው ውድድር አሜሪካ ውስጥ ከ1999 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊዮን ስራ አጥፍቷል ብለው ኦቶርና ባልደረቦቹ አጥንተዋል፣ እነሱም ኢኮኖሚስቶች ናቸው ደግሞ፣ የፋብሪካ ወሬኛ አይደሉም። ዋናው ነገር ጉዳቱ በሀገር ላይ እኩል አልተበተነም፣ የቤት ዕቃ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ መጫወቻ የሚሰሩ የታወቁ አካባቢዎች ላይ ነው የወደቀው፣ እዛ ያለው ሰውም ከዓመታት በኋላ አላገገመም። ትርፉ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳል፣ ጉዳቱ ግን በአንድ ከተማ ይከመራል፣ ከዛ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው በድምሩ አትርፈናል ይሉሃል። በድምሩ! ድምር ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ድምፅ አይሰጥም።

ቀረጥ_ይውደም

አንድ ስህተት ላርም። አሜሪካና ቻይና መካከል ነፃ የንግድ ስምምነት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ቻይና በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የርዕሱ ጥያቄ ስለ ስምምነቶች ነው፣ ያንን ጉዳት ናፍታና ቲፒፒ ላይ አትለጥፈው።

ሰራተኛው_ልጅ

ስራውን ላጣው ሰው የወረቀቱ ስም ምን ይፈይድለታል ባክህ። እሺ ናፍታን ብቻ እንይ ካልክም፣ ሀገር አቀፍ ቁጥሩ ትንሽ ነው ይሉሃል፣ ግን ከሜክሲኮ ጋር በቀጥታ በተወዳደሩት ዘርፎች ላይ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰው ሰራተኛ ደሞዙ ከሌላው ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ይሄም የተጠና ነው።

እና ካሳውስ? እንካስሃለን ተብሎ አልነበር? በኬኔዲ ጊዜ በ1962 በንግድ ምክንያት ስራ ላጣ ሰው ስልጠናና ድጎማ የሚሰጥ ፕሮግራም ተቋቁሟል፣ ቀረጥ ለመቀነስ ድምፅ ሲፈለግ ሰራተኛ ማህበሮቹን ለማባበል። ከዛ ጁላይ 2022 ላይ ኮንግረስ ሳያድሰው ቀርቶ አዲስ ማመልከቻ መርምሮ ማፅደቅ አቆመ። ስምምነቱ ሲፈረም የዘላለም ነው፣ ካሳው ግን በየጊዜው እየታደሰ የሚለመን ነው። ይሄን ሲገለብጡት ያኔ እደግፋለሁ።

ብርቱካን_ቢ

👏👏 የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር። ካሳው ቀድሞ ባንክ ይግባ።

ጋሽ_ሽበት

ልጆች፣ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ቀረጥ ነው፣ ዛሬ የሚፈረሙት ስምምነቶች ግን ከቀረጥ አልፈዋል። እነ ቲፒፒ ሲፈረሙ የሀብታም ሀገሮች ቀረጥ ብዙው ዝቅ ያለ ነበር፣ ምን የቀረ ነበር? ቲፒፒ 30 ምዕራፍ ነበረው፣ ስለ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት)፣ ስለ ዳታ፣ ስለ መንግስት ግዢ፣ ስለ ባለሀብት ጥበቃ። እኔ በድሮ ስራዬ የስምምነት ጽሑፍ ማንበብ ግዴታዬ ነበር፣ የምመክራችሁም መግለጫውን ትታችሁ አባሪውን አንብቡ ነው፣ ሰው የሚታረደው አባሪ ላይ ነው።

ለምሳሌ የውጭ ባለሀብት መንግስትን በቀጥታ በግልግል ዳኞች ፊት የሚከስበት አንቀጽ አለ። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው የሲጋራ ኩባንያ አውስትራሊያ የሲጋራ ፓኬት ያለ አርማ ይሁን ብላ ስታውጅ በሆንግ ኮንግና አውስትራሊያ መካከል በነበረ የቆየ የኢንቨስትመንት ውል ከሰሳት። ክሱን ለማቅረብ እንዲመቸው የአውስትራሊያውን ቅርንጫፍ ባለቤትነት ወደ ሆንግ ኮንግ አዙሮት ነበር። የሀገር ልጅ የሆነው ሲጋራ ሻጭ ቢከስ የሚሄደው መደበኛ ፍርድ ቤት ነው፣ የውጭው ግን ሁለተኛ በር አለው። እኔ የምቃወመው ይቺን በር ነው፣ ንግዱን አይደለም።

ቀረጥ_ይውደም

ጋሼ በአክብሮት፣ ፊሊፕ ሞሪስ እኮ ተሸነፈ። 2015 ላይ የአውስትራሊያው ክስ ውድቅ ሆነ፣ ለመክሰስ ብላችሁ ነው ያዘዋወራችሁት ተባለ። ኡራጓይንም ከሶ 2016 ላይ ተሸንፎ 7 ሚሊዮን ዶላር የክስ ወጪ ክፈል ተብሏል። ስርዓቱ ሰርቷል ማለት ነው እኮ እርስዎ ያመጡት ምሳሌ።

ጋሽ_ሽበት

ተሸንፏል፣ አውቃለሁ። ኒው ዚላንድን ግን አየሃት? ተመሳሳይ ህግ ልታወጣ ተነስታ በ2013 የአውስትራሊያው ክስ እስኪለይለት እንጠብቅ ብላ አዘገየችው፣ ህጉ የወጣው ፍርዱ ከታወቀ በኋላ 2016 ላይ ነው። ክስ ሳይቀርብባት ማለት ነው። ኡራጓይም ቢሆን ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከውጭ የበጎ አድራጎት ድርጅት እርዳታ አግኝታ ነው የተከራከረችው። ከሳሹ ቢሸነፍም ዓመታት ያተርፋል፣ ለሲጋራ ሻጭ ዓመት ማለት ገንዘብ ነው። አንተ የምትቆጥረው ፍርዱን ብቻ ነው ልጄ፣ ሳይወጣ የቀረውን ህግ ማን ይቁጠረው?

ናቲ_ጠያቂው

ወይ ጉድ የኒው ዚላንዱን አላውቅም ነበር። ጋሼ እናመሰግናለን። ስለ መድኃኒት ፓተንቱም የሚያውቅ ካለ ይጨምርበት።

ሰብለ_ዘ

እኔ ልጨምር። ቲፒፒ ውስጥ አሜሪካ አጥብቃ የገፋችው አንዱ ነገር ባዮሎጂክስ የሚባሉት ውድ መድኃኒቶች የምርምር ዳታቸው ለዓመታት እንዲጠበቅ ነው፣ ያ ማለት ርካሹ አቻ መድኃኒት ገበያ የሚገባበት ጊዜ ይገፋል። ከዛ ትራምፕ ጃንዋሪ 2017 ስልጣን በያዘ በሶስት ቀኑ ከስምምነቱ ወጣ። የቀሩት 11 ሀገሮች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ስምምነቱን ይዘው ቀጠሉ፣ ግን 22 አንቀጾችን አገዱ፣ ከታገዱት ብዙዎቹ አሜሪካ የፈለገቻቸው የፓተንትና የመሳሰሉት ናቸው፣ የባዮሎጂክሱም አብሮ ታገደ። ገፊው ሲወጣ ማንም አልፈለገውም ማለት ነው! ስለዚ "ነፃ ንግድ ትደግፋለህ" ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አይነግረንም፣ የማን ፍላጎት የገባበት ንግድ ነው የሚለው ነው።

ሌላው የድሃ ሀገር ጉዳይ። ሀብታሞቹ ራሳቸው ያደጉት በቀረጥ ተከልለው ነው፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሃሚልተን 1791 ላይ ገና ለጀማሪ ፋብሪካዎች ከለላ ይሰጥ ብሎ ለኮንግረስ ሪፖርት አቅርቧል፣ ደቡብ ኮሪያም ብረትና መኪና መስራት የተማረችው በሯን ገርበብ አድርጋ ነው። አሁን ለሌላው ሲሆን ወዲያው ክፈቱ ይባላል።

ቀረጥ_ይውደም

ሰብለ አንቺ የምትዪው ከለላ የሰራው ጥቂት ቦታ ነው። በላቲን አሜሪካ ስንቱ ሀገር "ጀማሪ" ፋብሪካ ይዞ 40 ዓመት ጀማሪ ሆኖ ቀረ? ኮሪያ የለየችው ነገር ከለላ የሰጠችውን ድርጅት ኤክስፖርት አድርግ ብላ ማስገደዷ ነው፣ ያንን ማድረግ የሚችል መንግስት ስንት አለ። አብዛኛው ከለላ የሚሰጠው ለሚኒስትሩ ዘመድ ነው ግልፁን እንነጋገር።

ሰብለ_ዘ

😂 የዘመዱን ነገር አልከራከርህም። ግን ጊዜ ሰጥቶ መክፈት እና በአንድ ሌሊት መክፈት አንድ አይደለም። የሜክሲኮን በቆሎ ተመልከት። ናፍታ ላይ ለበቆሎ የ15 ዓመት ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፣ ቀረጡ ዜሮ የሚሆነው በ2008 ነበር፣ ከኮታ በላይ በገባው ላይ መንግስት ከባድ ቀረጥ መጣል ይችል ነበር። አልጣለም! በገዛ እጁ ከኮታ በላይ ያለ ቀረጥ አስገባ፣ የከተማው የምግብ ዋጋ እንዲወርድለት። ማዶ ያለው የአሜሪካ ገበሬ ደግሞ ከመንግስቱ ድጎማ ይቀበላል። ስለዚ ትንሽ ማሳ ያለው የሜክሲኮ ገበሬ የተወዳደረው ከሌላ ገበሬ ጋር አይደለም፣ ከሌላ ሀገር በጀት ጋር ነው።

ሰራተኛው_ልጅ

ሰብለ ይሄንን ነው እኔም የምለው፣ ስምምነቱ ውስጥ ያለውን መከላከያ እንኳን የሚጠቀምለት የለም ደካማውን።

ቀረጥ_ይውደም

ታዲያ ይሄ የስምምነቱ ጥፋት ነው ወይስ የመንግስት? 15 ዓመት ተሰጥቶት ካልተጠቀመበት ፀሐፊው ምን ያድርግ። እንደውም አንቺ ያመጣሽው ለኔ ነው የሚያግዘው።

መስመር_አጥባቂ

ሌላ አቅጣጫ ላምጣ፣ እኔ ነፃ ንግድ እደግፋለሁ ነፃ የንግድ ስምምነት ግን አልደግፍም፣ አትሳቁ። ባግዋቲ የሚባለው ኢኮኖሚስት ስንት ዓመት የጮኸው ይሄንኑ ነው። ሁለት ሀገር ለብቻቸው ሲዋዋሉ የሚሰሩት ለወዳጅ ብቻ የሚከፈት በር ነው፣ ከሶስተኛ ሀገር በርካሽ ትገዛው የነበረውን ዕቃ ቀረጥ ስለሌለበት ብቻ ከተዋዋይህ በውድ ትገዛለህ። ቫይነር የሚባል ኢኮኖሚስት በ1950 ነው ይሄን ያሳየው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ለየብቻው ሲዋዋል ደግሞ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀረጥ እንደሚገባ የሚያውቀው የጉምሩክ ጠበቃ ብቻ ይሆናል።

የስሪት ሀገር ደንብን ተመልከቱ። ናፍታ ላይ መኪና ያለ ቀረጥ ለማለፍ 62.5 ከመቶው እዛው ቀጠና የተሰራ መሆን ነበረበት። በ2020 ናፍታን የተካው ስምምነት 75 አደረገው፣ በዛ ላይ ከመኪናው ከ40 እስከ 45 ከመቶው በሰዓት ቢያንስ 16 ዶላር በሚከፈለው ሰራተኛ የተሰራ ይሁን አለ። እያንዳንዷ የመኪና አካል ከየት እንደመጣች፣ የሰራት ሰው ስንት እንደሚከፈለው ማስረጃ መሰብሰብ ነው እንግዲህ። የአሜሪካ መደበኛ የመኪና ቀረጥ ያኔ 2.5 ከመቶ ብቻ ስለነበር አንዳንዱ አምራች ወረቀቱን ትቼ ቀረጡን ብከፍል ይሻለኛል አለ። ነፃ ተብሎ የተፈረመ ነገር ከቀረጡ ሲወደድ አያችሁ?

ብርቱካን_ቢ

የ16 ዶላሩ ግን ለሰራተኛ ጥሩ አይደለም እንዴ? በስምምነት ውስጥ ደሞዝ ሲፃፍ እኔ መጀመሪያ ሰማሁ።

መስመር_አጥባቂ

ለማን ሰራተኛ ነው ጥያቄው። ሜክሲኮ ውስጥ የመኪና ሰራተኛ ደሞዝ ከ16 ዶላር በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚ ደንቡ የእሱን ደሞዝ ከፍ ከማድረግ ይልቅ ስራውን ወደ ሰሜን ለመሳብ የተፃፈ ነው። ብልህ አፃፃፍ ነው፣ ከለላ ነው ግን።

ፋና_ኤክስ

ማንም ያላነሳው ነገር ሚስጥሩ ነው። ቲፒፒ ሲደራደሩ እኮ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት እንኳን ረቂቁን የሚያነቡት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነበር፣ የያዙትን ማስታወሻ ይዘው መውጣት አይችሉም። ህዝቡ ስለ ፓተንቱ ምዕራፍ ያወቀው በ2013 ሚስጥር አውጪው ድረገፅ ዊኪሊክስ ሲለቀው ነው፣ ሙሉው ፅሁፍ የወጣው ድርድሩ ካለቀ በኋላ ኖቬምበር 2015። የኩባንያ ተወካዮች ግን በአማካሪ ኮሚቴ ስም ቀድመው ያዩ ነበር። ከዛ ለኮንግረስ ሲቀርብ አንድ ቃል ሳትነኩ እሺ ወይ እንቢ በሉ ይባላል። ይሄ ምን ዲሞክራሲ ነው?? እኔ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳላይ መደገፍ አልችልም።

ቀረጥ_ይውደም

ፋና ሚስጥሩ ላይ ልክ ነሽ፣ አንድ ቃል አትንኩ የሚለው ላይ ግን እሟገታለሁ። ኮንግረስ ራሱ ቀረጥ ሲፅፍ ያደረገውን ታውቂያለሽ? 1930። ስሙት ሃውሊ የሚባለው ህግ ሲጀመር ገበሬውን ለመርዳት ነበር፣ ከዛ እያንዳንዱ እንደራሴ አንተ የኔን ዕቃ ደግፍ እኔ ያንተን እደግፋለሁ እየተባባለ ሺዎች ዕቃ ላይ ቀረጥ ቆለሉበት። ከ1,000 በላይ ኢኮኖሚስቶች አትፈርም ብለው ለፕሬዚዳንት ሁቨር ፃፉ፣ ፈረመ፣ ሌሎች ሀገሮች አፀፋውን መለሱ፣ ዲፕሬሽኑን (የዛን ዘመን ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት) አባሰው። ከ4 ዓመት በኋላ ነው ኮንግረስ ራሱን ስለማያምን የመደራደሩን ስልጣን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው። 535 ሰው አንቀጽ በአንቀጽ የሚያርመው ውል ማን ሀገር ይፈርማል?

ፋና_ኤክስ

መካከለኛ መንገድ የለም ማለት ነው? በ2016 የአውሮፓና የካናዳ ስምምነት ሊፈረም ሲል ዋሎኒያ የምትባለው የቤልጂየም ክልል እምቢ ብላ ሁሉንም አስቆመች። 3 ሚሊዮን ተኩል ህዝብ! የተቃወመችው ደግሞ ጋሼ ያሉትን የባለሀብት ክስ ነው፣ የገበሬዎቿም ነገር ነበረበት። ጋዜጣው ሁሉ ተረባርቦ ሲሰድባት ሰነበተ፣ እሷ ግን ማብራሪያ አፃፈች፣ የክሱ አካሄድ በአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲታይም አስደረገች። ፍርድ ቤቱ በ2019 ችግር የለበትም አለ፣ እሺ ይበል፣ ግን ተጠየቀ እኮ! ዓለምም አልፈረሰም፣ ስምምነቱም በከፊል በ2017 ስራ ጀመረ።

ቀረጥ_ይውደም

እያንዳንዱ ክልል ዋሎኒያ ቢሆን ግን ምንም አይፈረምም። የአውሮፓና የመርኮሱር (የደቡብ አሜሪካ ሀገሮች የንግድ ማህበር) ድርድር በ1999 የተጀመረ ነው፣ 2019 ላይ አለቀ ተባለ፣ እንደገና 2024 ላይ አለቀ ተባለ፣ የፈረንሳይ ገበሬ በትራክተር መንገድ እየዘጋ።

መስመር_አጥባቂ

ለፖለቲከኛ ደግሞ መፈረሙ ራሱ ድል ነው፣ ይሄ ነው ያስቸገረው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ስትወጣ "ራሳችን ተደራደርን" ለማለት ቸኩላ በ2021 ከአውስትራሊያ ጋር ፈረመች። ጥቅሙን የራሷ መንግስት ሲያሰላው በ2035 ኢኮኖሚውን 0.08 ከመቶ ያሳድጋል አለ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት። ያኔ የግብርናውን ጉዳይ የያዘው ሚኒስትር ስልጣን ከለቀቀ በኋላ ፓርላማ ውስጥ ተነስቶ ይሄ ጥሩ ስምምነት አልነበረም ብሎ ተናገረ። በሬና በግ የሚያረባው ግን ፊርማው ላይ አልነበረም።

ናቲ_ጠያቂው

እሺ ሁላችሁንም አነበብኩ፣ እንደገባኝ ማንም ሙሉ በሙሉ ተቃዋሚ የለም፣ ሁሉም የየራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ ያ የባለሀብት ክስ አንቀጽ ናፍታ ውስጥም ነበር? የት ነው የሚገኘው ማንበብ ፈልጌ ነው።

ጋሽ_ሽበት

ነበር፣ ምዕራፍ 11 ላይ ታገኘዋለህ። ሜታልክላድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በሱ ነው ሜክሲኮን የከሰሰው፣ አንድ ማዘጋጃ ቤት የመርዛማ ቆሻሻ መጣያ ፈቃድ ከለከለኝ ብሎ፣ በ2000 ወደ 16.7 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ናፍታን ከተካው ከአዲሱ ስምምነት ደግሞ ምዕራፍ 14ን እይ፣ አሜሪካና ካናዳ እርስ በርስ የመክሰሻዋን በር ዘግተዋታል፣ ለአሜሪካና ሜክሲኮ ግን ጠበብ ብላ ቀርታለች። አባሪዎቹን አትዝለል።

ቀረጥ_ይውደም

ጋሼ እንግዲህ ሁለት ሀብታም ሀገሮች ያለ እሷ መነገድ ከቻሉ እኔም አልሟገትላትም፣ ውሰዱልኝ። ቀረጡ ላይ ግን ሰራተኛው ልጅ አልለቅህም፣ የማድረቂያውን ጥያቄዬን አልመለስክልኝም እኮ።

ሰራተኛው_ልጅ

አንተ የካሳውን መልስልኝና ማድረቂያህን እመልስልሃለሁ። ከ2022 ጀምሮ የተዘጋው ፕሮግራም ይከፈት ነው ወይስ አይከፈት? አዎ ወይ አይደለም በል፣ ሪካርዶን ሳትጠራ።

ቀረጥ_ይውደም

ይከፈት። ለሮቦት ስራውን ላጣውም ጭምር ይሁን ግን፣ ለንግድ ብቻ ለምን?

ሰራተኛው_ልጅ

እሱን እንዳታመልጥበት ሌላ ክር ክፈት፣ እመጣለሁ።